በዓለ ልደትና የፀሐይ አማልክት ተረት፦ መመሳሰል መነሻ ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የጌታችንና የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በቀረበ ቁጥር በወጣቶች መካከል የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። «ከክርስቶስ በፊት ከድንግል ተወለዱ የተባሉ የፀሐይ አማልክት ነበሩ፤ የልደት በዓልም የሮማውያን የፀሐይ በዓል ነበር፤ ታዲያ እናንተ የምታከብሩት ምንድን ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው በእጅ ስልክ በሚዘዋወሩ አጫጭር ቪዲዮዎች አማካኝነት ከአዲስ አበባ አልፎ እስከ አምበር፣ እስከ ቢቸናና እስከ ሞጣ ይደርሳል። አንዳንዱ ወጣት መምህሩን ይጠይቃል፤ አንዳንዱ ግን ሳይጠይቅ ጥርጣሬውን በልቡ ይዞ ቀስ በቀስ ከጉባኤውም ከቅዳሴውም ይርቃል። የሚያሳዝነው የዚህኛው ነገር ነው።

ለጥያቄው የሚሰጡ ሁለት የተለመዱ መልሶች አሉ፤ ሁለቱም አይጠቅሙም። አንደኛው «እንዲህ ብሎ መጠየቅ በራሱ ኃጢአት ነው» የሚል ነው። ጠያቂን ማሸማቀቅ ግን የአባቶቻችን ትምህርት አይደለም፤ በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ጉባኤ የሚደምቀው በጥያቄና በመልስ ነው። ሁለተኛው «የሮማውያኑ በዓል በዲሴምበር 25 ነው፤ የእኛ ታኅሣሥ 29 ስለሆነ እኛን አይነካንም» የሚል ነው። ይህም ስሕተት ነው። በጥንቱ የዩልዮስ ቄሣር አቆጣጠር ዲሴምበር 25 የሚባለው ዕለት የእኛው ታኅሣሥ 29 ነው። ዛሬ የ13 ቀን ልዩነት የታየው ምዕራባውያን በ1582 እ.ኤ.አ. አቆጣጠራቸውን ስላሻሻሉ ነው። ስለዚህ ጥያቄው እኛንም ይመለከተናል፤ መልሱንም ከራሳችን ቤት ማግኘት ይገባናል።

ጥያቄው አዲስ አይደለም

በመጀመሪያ ልናውቀው የሚገባን ነገር ይህ ተቃውሞ በኢንተርኔት ዘመን የተገኘ ምስጢር አለመሆኑን ነው። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ትሪፎን ከተባለ አይሁዳዊ ጋር ያደረገውን ክርክር ጽፎልናል። በዚያ መጽሐፍ ትሪፎን የክርስቶስን ከድንግል መወለድ ግሪኮች ስለ ፐርሴዎስ ከሚተርኩት ጋር ያመሳስለዋል። ዮስጢኖስ ተቃውሞውን አልደበቀውም፤ ለትውልድ እንዲተርፍ አድርጎ ጻፈው፤ መልስም ሰጠበት። እንግዲህ አባቶቻችን ይህን ነገር ከ1,800 ዓመታት በፊት ሰምተው መርምረው አልፈውበታል።

የቆጵሮሱ ቅዱስ ኤጲፋንዮስም በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲጽፍ በእስክንድርያ የነበሩ አሕዛብ በጃንዋሪ 6 ዋዜማ ሌሊት በጣዖት ቤታቸው ተሰብስበው «ዛሬ ኮሬ የተባለችው ድንግል አዮንን ወለደች» እያሉ ያከብሩ እንደነበር ይነግረናል። ይህን የነገረን የቤተ ክርስቲያን ጠላት አይደለም፤ ሃይማኖተ አበው ከሚጠቅሳቸው አባቶች አንዱ ነው። የሚደበቅ ነገር ቢኖር ኖሮ አባቶች ራሳቸው ጽፈው ባላስተላለፉልን ነበር።

ተረቶቹ በእርግጥ ምን ይላሉ?

በ2007 እ.ኤ.አ. በኢንተርኔት የተለቀቀው «ዘይትጋይስት» የተባለ ፊልም የግብፁ ሆረስ በዲሴምበር 25 ከድንግል ተወለደ፣ በልደቱም ኮከብ ታየ፣ 12 ደቀ መዛሙርትም ነበሩት ይላል። ዛሬ የምናያቸው አጫጭር ቪዲዮዎች አብዛኞቹ ይህንኑ ይደግማሉ። ነገር ግን የግብፃውያኑ ታሪክ ራሱ ሲነበብ ሌላ ነው። ኦሲሪስ በወንድሙ እጅ ይገደላል፤ ሚስቱ ኢሲስ ሬሳውን ፈልጋ ታገኛለች፤ በአስማት ኃይል ከእርሱ ትፀንሳለች፤ ሆረስንም ትወልዳለች። ይህ የባልና የሚስት ታሪክ እንጂ የድንግል ታሪክ አይደለም።

ቀኑስ? ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ ስለ ኢሲስና ኦሲሪስ በጻፈው መጽሐፍ ታላቁን ሆረስ በዓመቱ መጨረሻ ተርፈው ከሚቆጠሩት አምስት ቀናት በሁለተኛው ቀን እንደተወለደ ይናገራል። እነዚያ አምስት ቀናት እኛ ጳጉሜን የምንላቸው ዓይነት ናቸው፤ የዘመን አቆጣጠራችን ከግብፃውያኑ ጋር የሚገናኝ ነውና። ያው ፕሉታርክ ሕፃኑን ሆረስ ደግሞ ኢሲስ ቀኑ በሚያጥርበት ወራት ጊዜው ሳይደርስ ደካማ አድርጋ እንደወለደችው ይጠቅሳል። ይህን መሸሸግ አይገባንም፤ በዚያ ወራት የተነገረ ተረት ነበር። ነገር ግን ስለ ድንግልና፣ ስለ ኮከብና ስለ 12 ደቀ መዛሙርት የተባለው በጥንቱ ጽሑፍ የለም።

ሚትራ ደግሞ በሮም ወታደሮች ዘንድ ይመለክ የነበረ ነው። በቅርጻ ቅርጾቹ ላይ ከዐለት ውስጥ ወጣት ሆኖ፣ በአንድ እጁ ጩቤ በሌላው ችቦ ይዞ ሲወጣ ይታያል። እናቱ ዐለት ናት። በዲሴምበር 25 ተወለደ የሚል ጥንታዊ ጽሑፍም የለም። ፐርሴዎስንም ብናይ፣ ዜውስ የተባለው ጣዖት ሴቲቱን ተመኝቶ በወርቅ ዝናብ ተመስሎ እንደደረሰባት የሚነገር የፍትወት ታሪክ ነው። ይህን ከቅዱስ ገብርኤል ብሥራትና ከእመቤታችን ፈቃድ ጋር ማስተያየት፣ ሁለቱንም ታሪኮች ያላነበበ ሰው ሥራ ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። ተረቶቹ ጊዜና ቦታ የላቸውም። ወንጌላዊው ሉቃስ ግን ልደቱን ሲጽፍ የሮሙን ቄሣር አውግስጦስን፣ የሶርያውን ገዢ ቄሬኔዎስን፣ የዳዊትን ከተማ ቤተ ልሔምን ይጠራል፤ ማቴዎስም ሄሮድስን ይጨምራል። እነዚህ በታሪክ የሚታወቁ ሰዎችና ቦታዎች ናቸው። ተረት የሚጽፍ ሰው ምስክር ሊጠራበት በሚችል ዘመንና አገር ታሪኩን አያስቀምጥም።

«ፀሐይ» እና «ልጅ» የሚሉት ቃላት አንድ ናቸው የሚለውንም ክርክር ሰምታችሁ ይሆናል። ሁለቱ ቃላት በድምፅ የሚመሳሰሉት በእንግሊዝኛ ነው። በግዕዝ «ፀሐይ» እና «ወልድ» ምንም አይመሳሰሉም፤ ሐዲስ ኪዳን በተጻፈበት በግሪክም፣ ነቢያት በተናገሩበት በዕብራይስጥም እንዲሁ ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ በመጣ ቋንቋ አጋጣሚ የጥንቱን እምነት መፍታት አይቻልም።

የሮም ፀሐይና በግድግዳችን ላይ ያለው ንጉሥ

የሮሙ ቄሣር አውሬልያኖስ በ274 እ.ኤ.አ. «ለማይሸነፈው ፀሐይ» ትልቅ ቤተ ጣዖት አሠራ። ይህ እውነት ነው። በዲሴምበር 25 ግን የዚህ «የማይሸነፈው» ልደት ይከበር እንደነበር የሚናገረው የመጀመሪያው ማስረጃ በ354 እ.ኤ.አ. በሮም የተዘጋጀ የቀን መቁጠሪያ መጽሐፍ ነው፤ በዕለቱ 30 የሠረገላ ውድድሮች እንደሚደረጉም ይገልጻል። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ በ336 እ.ኤ.አ. እንደተዘጋጀ የሚታመን የሰማዕታት ዝርዝር አለ፤ እርሱም በዚያው ቀን ክርስቶስ በቤተ ልሔም ዘይሁዳ እንደተወለደ ይናገራል። እንግዲህ ሁለቱ በዓላት በአንድ መጽሐፍ ጎን ለጎን ተመዝግበው ይገኛሉ። አንዱ ከሌላው እንደተወሰደ የሚናገር ቃል ግን በዚያ መጽሐፍ የለም።

በታኅሣሥ መጨረሻ የሚደረገውን የፀሐይ በዓል በሰፊው የጻፈልን በ362 እ.ኤ.አ. ለፀሐይ ውዳሴ የደረሰው ንጉሥ ነው። ይህን ንጉሥ ታውቁታላችሁ። በየገዳማቱና በየአድባራቱ ግድግዳ ላይ ቅዱስ መርቆሬዎስ በጥቁር ፈረስ ተቀምጦ በጦር የሚወጋው ዑልያኖስ ከሃዲ እርሱ ነው። ክርስቲያን ሆኖ አድጎ ሃይማኖቱን የካደ፣ ጣዖታትን መልሶ ለማንገሥ የደከመ፣ በ363 እ.ኤ.አ. በፋርስ ዘመቻ የሞተ ንጉሥ ነው። ሥዕሉን ከልጅነታችን ጀምሮ ያየን ሁሉ፣ የፀሐይን አምልኮ ሊያድስ የሞከረው ሰው ምን ያህል የቤተ ክርስቲያን ተቃዋሚ እንደነበር በዓይናችን ተምረናል። አባቶች በዚያ ዘመን ከፀሐይ አምልኮ ጋር ይታገሉ ነበር እንጂ አይዋዋሱም ነበር።

«ቤተ ክርስቲያን በዓሉን ከፀሐይ በዓል ወሰደችው» የሚለው በግልጽ ተጽፎ የሚገኘው እጅግ ዘግይቶ ነው፤ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ሶርያዊው ዲዮናስዮስ ባር ሳሊቢ በጻፈው መጽሐፍ ኅዳግ ላይ በሰፈረ ማስታወሻ። ከነገሩ 800 ዓመታት ያህል ርቆ የተጻፈን የኅዳግ ማስታወሻ የዓይን ምስክር ማድረግ አይቻልም።

ቀኑ ከየት መጣ? ባሕረ ሐሳብን እንጠይቅ

ወንጌል የልደቱን ቀን በቁጥር አይነግረንም። አባቶች ቀኑን ያገኙት በሒሳብ ነው። ከአውሬልያኖስ በፊት በ243 እ.ኤ.አ. በላቲን የተጻፈ የፋሲካ ሒሳብ መጽሐፍ የክርስቶስን ልደት ከሥነ ፍጥረት ቀናት ጋር አስልቶ ፀሐይ በተፈጠረችበት በረቡዕ ቀን፣ በማርች 28 ያደርገዋል። ውጤቱ የእኛን ቀን አይደለም፤ ነገር ግን ክርስቲያኖች ቀኑን ይፈልጉ የነበረው በቅዱሳት መጻሕፍት ሒሳብ እንጂ በጣዖት በዓል አለመሆኑን ያሳያል። ከዚያም በፊት በ200 እ.ኤ.አ. ገደማ ጠርጡልያኖስ ጌታ የተሰቀለበት ቀን ማርች 25 ነው ብሎ ነበር። በጥንት ክርስቲያኖች ዘንድ ጌታ የተፀነሰበትና መከራ የተቀበለበት ቀን አንድ ነው የሚል እምነት ነበረ፤ ቅዱስ አውግስጢኖስም ይህን ጠቅሶታል። በዩልዮስ አቆጣጠር ማርች 25 የእኛ መጋቢት 29 ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ። ቤተ ክርስቲያናችን መጋቢት 29ን ጌታ የተፀነሰበት ቀን አድርጋ ታስባለች፤ ጥንተ ትንሣኤም በዚሁ ዕለት ነው። መጋቢት 29 በዐቢይ ጾም ስለሚውል የብሥራቱ በዓል በታኅሣሥ 22 በድምቀት ይከበራል፤ የሒሳቡ መነሻ ግን መጋቢት 29 ነው። እመቤታችን ጌታን በማኅፀኗ የተሸከመችው 9 ወር ከ5 ቀን እንደሆነ አባቶች ያስተምራሉ። ቁጠሩት፤ ከመጋቢት 29 እስከ ታኅሣሥ 29 ዘጠኝ ወር ነው፤ እያንዳንዱ ወር 30 ቀን ሲሆን 270 ይሆናል፤ በመካከል ያለችው ጳጉሜን 5 ቀን ትጨምራለች፤ ድምሩ 275 ነው።

ከሁሉ የሚደንቀው ቀጥሎ ያለው ነው። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። በዚያ ጊዜ ከመጋቢት 29 ጀምሮ 275 ቀን ብንቆጥር የምንደርሰው ታኅሣሥ 29 ላይ ሳይሆን ታኅሣሥ 28 ላይ ነው። በዘመነ ዮሐንስ፣ ለምሳሌ በ2016 ዓ.ም.፣ ገና በታኅሣሥ 28 የሚከበረው ለዚህ ነው። ብዙዎቻችን ለምን እንደሆነ ሳንጠይቅ ያለፍነው ይህ ለውጥ ትልቅ ምስክር ነው። በዓላችን የሚከተለው የፅንሰቱን ቀን ቁጥር ነው፤ ከቁጥሩ አንድ ቀን እንዳይጎድልና እንዳይተርፍ ዕለቱ ይለዋወጣል። ይህን የራሳችሁ ደብር የባሕረ ሐሳብ መምህር በጣቱ ቆጥሮ ያሳያችኋል።

ፀሐይን ብንጠይቃትም ያው ትመሰክራለች። ዛሬ ቀኑ እጅግ የሚያጥርበት ዕለት በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 12 አካባቢ ነው። ገና ግን ከዚያ 17 ቀናት ያህል ዘግይቶ ይውላል። የዩልዮስ አቆጣጠር ከፀሐይ ጉዞ ጥቂት በጥቂት ሲራራቅ ቤተ ክርስቲያናችን ፀሐይን ተከትላ በዓሏን አላዛወረችም፤ የአባቶችን ቁጥር ይዛ ጸናች። በዓሉ የፀሐይ ቢሆን ኖሮ ከፀሐይ ጋር በሄደ ነበር።

በሮም በታኅሣሥ የቀኑ ርዝመት ከ9 ሰዓት ብዙ አይበልጥም፤ በክረምታችን ወራት ደግሞ እዚያ 15 ሰዓት ይደርሳል። በዚያ አገር ፀሐይ «ሞታ ተነሣች» ቢባል ለሰሚው ትርጉም አለው። በምሥራቅ ጎጃም ግን አጭሩ ቀን 11 ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ ረጅሙም ከ12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ እምብዛም አያልፍም። በአምበር አውድማ ላይ ጤፉን የሚወቃ ገበሬ በታኅሣሥ ፀሐይ ልትሞትበት ነው ብሎ የሚሰጋበት ምክንያት የለውም፤ ይልቁንም የመኸሩ ጠራራ ፀሐይ ከላዩ ነች። ገናን የሚያከብረው በሌላ ምክንያት ነው።

እኛስ ፀሐይን አምልከን እናውቃለን?

አዎን፤ አገራችን የፀሐይን አምልኮ ታውቀዋለች፤ አልደበቀችውምም። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ክብረ ነገሥት ንግሥት ማክዳ ለሰሎሞን ሕዝቧ እንደ አባቶቹ ልማድ ፀሐይን እንደሚያመልክ እንደነገረችው ይተርካል። ከዚያ በኋላ ግን ፀሐይን ትታ የፀሐይን ፈጣሪ ለማምለክ እንደወሰነች ይናገራል። በዚያው መጽሐፍ ሰሎሞን በሕልሙ ያያት ፀሐይ ከእስራኤል ተነሥታ ወደ ኢትዮጵያ ትሄዳለች። ፀሐይ በዚህ መጽሐፍ የሚመለክ አምላክ መሆኗ ቀርቶ ምሳሌ ሆናለች።

ድንጋዮቹም ይናገራሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ እንደተሠራ የሚታመነው የየሐ ቤተ ጣዖት አልመቃህ ለተባለ አምላክ የቆመ ነበር፤ በዘመኑ ጽሑፎች ከእርሱ ጋር የሚጠሩ ሁለት እንስት አማልክትን ተመራማሪዎች ከፀሐይ ጋር ያያይዟቸዋል። ዛሬ ከጎኑ የአባ አፍጼ ቤተ ክርስቲያን ቆማለች። በመጠራ ሐውልት አናት ላይም ክብ ዲስክና ጨረቃ ተቀርጸዋል። ይኸው ምልክት በአክሱም ነገሥታት ሳንቲሞች ላይ እስከ ንጉሥ ኢዛና ዘመን ድረስ ይታይ ነበር። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ከቅዱስ አትናቴዎስ ተሹሞ መጥቶ ንጉሡ ባመነ ጊዜ ግን የዲስኩና የጨረቃው ምልክት ከሳንቲሙ ወረደ፤ በቦታው መስቀል ተተካ።

ይህን ልብ በሉ። ንጉሡ የፀሐዩን ምልክት ይዞ ስሙን ብቻ መለወጥ ይችል ነበር፤ ሕዝቡ በገበያ የሚያውቀው ምልክት ነበረና። እርሱ ግን አንሥቶ ሌላ አኖረ። ክርስትና የፀሐይ አምልኮ ቀጣይ ቢሆን ኖሮ ያ ሳንቲም ባልተለወጠ ነበር።

በእኛም አካባቢ የሚነገረው ትውፊት ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው። መርጡለ ማርያም በአብርሃ ወአጽብሐ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ከመሆኗ በፊት መሥዋዕተ ኦሪት ይቀርብባት እንደነበር አባቶች ያስተምራሉ። ምሥራቅ ጎጃም ስለ ራሷ የምታስታውሰው ከፀሐይ ቤት ሳይሆን ከኦሪት ወደ ወንጌል መሻገርን ነው።

ታዲያ «ፀሐየ ጽድቅ» ለምን እንላለን?

ነቢዩ ሚልክያስ ጌታን በዚህ ስም ስለጠራው ነው፤ ይህም ከልደቱ ከ400 ዓመታት በፊት፣ የሮሙ የፀሐይ ቤተ ጣዖት ከመሠራቱም ወደ 700 ዓመታት ያህል አስቀድሞ ነው። ያው ቅዱስ መጽሐፍ ግን ፀሐይን ማምለክን አጥብቆ ይከለክላል። በኦሪት ዘዳግም ተከልክሏል፤ ንጉሡ ኢዮስያስ ለፀሐይ የተሰጡትን ፈረሶች ከቤተ መቅደስ አስወግዷል፤ ነቢዩ ሕዝቅኤልም ለፀሐይ የሚሰግዱትን ሰዎች እንደ ታላቅ ርኩሰት አይቷል። በኦሪት ዘፍጥረት ብርሃን በመጀመሪያው ቀን ሲፈጠር ፀሐይ የተፈጠረችው በአራተኛው ቀን ነው። ብርሃን ያለ ፀሐይ ነበረ፤ ፀሐይ አገልጋይ ናት።

ስለዚህ ወደ ምሥራቅ ዞረን ስንጸልይ ለፀሐይ አንሰግድም፤ ገነት በምሥራቅ እንደነበረችና ጌታም ከምሥራቅ ዳግመኛ እንደሚመጣ እያሰብን ነው። ፍጥረት ስለ ፈጣሪዋ ምሳሌ ብትሆን አያስደንቅም። መብራት የፀሐይን ብርሃን ይመስላል፤ ፀሐይ ግን ከመብራት አልተቀዳችም። አሕዛብ ብርሃን ሰጪ አምላክን መናፈቃቸው፣ የሚናፈቀው ብርሃን የለም ማለት አይደለም።

ምን እናድርግ?

ውድ ወጣቶች፣ ነገ ሌላ ቪዲዮ ሲደርሳችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። ይህን የሚለው የትኛው ጥንታዊ ጽሑፍ ነው? ጽሑፉ የተጻፈው መቼ ነው? ተመሳሳይነቱ እውነት ቢሆንስ መነሻ መሆኑን ምን ያሳያል? እነዚህን ሦስቱን የሚያልፍ ቪዲዮ ጥቂት ነው። በተረፈም እምነታችን በቀኑ ቁጥር ላይ የተመሠረተ አለመሆኑን አትርሱ። አባቶች በቀኑ ሒሳብ ተለያይተው ያውቃሉ፤ ቃል ሥጋ መሆኑን በማመን ግን አንድ ነበሩ።

ጥያቄያችሁንም ይዛችሁ ወደ መምህራን ቅረቡ። በየደብሩ ባሕረ ሐሳብ የሚቆጥሩ አባቶች አሉ፤ ዕውቀታቸው ከእነርሱ ጋር እንዳያልፍ ከአሁኑ ገና በፊት አንድ ቀን መድባችሁ የበዓሉን ቀን ራሳችሁ ቆጥራችሁ አግኙት። ከመጋቢት 29 ጀምራችሁ 275ቱን ቀናት የቆጠራችሁ ዕለት፣ «ገናችሁ ከፀሐይ የተወሰደ ነው» ለሚላችሁ ሰው በእርጋታና በፍቅር የምትመልሱት ይኖራችኋል።

የጌታችን የልደቱ በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።